የቤዛ አባት እግርና የእኔ ልብ

አንገታችሁን በነጠላ ጠቅልላችሁ የምትውሉ እህቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ማንበብ የሚሰለቸው ባል ያላችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። የእኔው አጠገቤ ተቀምጦ "አልጨረስሽም ወይ?" እያለኝ ነው፤ ስለ እሱ ምን እንደምጽፍ አላወቀምና ይጠብቅ።

እኔ ፈታይ ነኝ፤ ባሌ ዘለቀ ሸማኔ ነው። ሁለታችንም የዶርዜ ልጆች ነን። ከተጋባን በኋላ ወርደን አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ቤት ይዘን ቀረን። አንዲት ልጅ አለችን፣ ቤዛ ትባላለች፤ ሐዋሳ ትማራለች። እሱ ለእኔ "የቤዛ አባት" ነው፣ እኔም ለእሱ "የቤዛ እናት"። በቤታችን በስም መጠራራት የጠብ ምልክት ነው።

የምንሠራው ጎን ለጎን ነው። እሱ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መርገጫዎቹን በተራ እየረገጠ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። እኔ ከእሱ ሁለት ክንድ ርቄ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እንዝርቴን አሾራለሁ። ድሩ ከሱቅ ይገዛል፤ ማጉ ግን የእኔ እጅ ሥራ ነው። ሳንነጋገር ግማሽ ቀን የምንውልበት ጊዜ አለ። ቤዛ ትንሽ ሳለች እሱ ሲያስነጥስ እኔ ክር እንደምበጥስ ደርሳበት ትስቅብን ነበር። እኔም የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ እስቅ ነበር።

በሽታው መጀመሪያ የታወቀኝ በክሬ ነው። ጠዋት ባዘቶውን ይዤ ስቀመጥ ጣቶቼ ሳላዛቸው ይንቀጠቀጣሉ። ክሩ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል፣ ከዚያ ይበጠሳል። አንዱ ልቃቂት ላይ ያለው ቋጠሮ ብዛቱ ያሳፍራል። ጡት ከጣልኩ ጀምሮ የፈተልኩ ሴት ነኝና ውርደት ተሰማኝ። የቤዛ አባት ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቋጠሮውን በጥፍሩ እያለሳለሰ ዝም ብሎ ይሸምነዋል። ይሁን እንጂ እሱም ያን ሰሞን መወርወሪያውን መጣል አብዝቶ ነበር፣ ወደ እኔም አያይም። በክሬ ተናዶ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቀጥሎ ልቤ መጣ። ቁጭ ባልኩበት፣ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ዳገቱን ሮጬ የወጣሁ ይመስል ልቤ ይደልቃል። ያልበኛል፣ እንቅልፍ ይሸሸኛል፣ በትንሽ ነገር እቆጣለሁ። ቆጮውን በዳታ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያችን፣ እያጠቀስኩ እንደ ጎረምሳ እበላለሁ፤ ቀሚሴ ግን በየሳምንቱ ይሰፋኛል። ጎረቤቶቼ "በልታ የማትወፍር ዕድለኛ" እያሉ ቀኑብኝ።

አርባ ምንጭ ውስጥ ያላበው ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የወባ በሽተኛ ነው። አንድ ክሊኒክ ደሜን አይቶ ወባ የለም አለ፤ ግን ተደብቆ ይሆናል ብሎ መድኃኒቱን ሰጠኝ። ሁለተኛው ታይፎይድ ነው አለኝ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው ብሎ ዳታ ከለከለኝ፤ ከሁሉም ይህ መረረኝ። አንዱ ባለሙያ ደግሞ ሐሳብ አታብዢ ብሎ አሰናበተኝ፤ ሐሳብ እንዴት እንደሚቀነስ ግን አልነገረኝም። በየወረፋው አግዳሚ ወንበር ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ደግ ሆነውልኛል። ከቦንኬ የመጣ አንድ ገበሬ በጥላው በኩል የያዘውን ቦታ ለቆልኝ እሱ ፀሐይ ላይ ቆመ። አንዲት አራስ ልጇን አሳቅፋኝ ወደ ላብራቶሪ ስትሄድ ሕፃኑ ደረቴ ላይ ተኛ፤ ምናልባት ያ የሚሮጠው ልቤ እሹሩሩ መስሎት ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ ቤቶች ነጠላሽን አውልቂ ያለኝ አልነበረም። እኔም አላወለቅሁም። ለፋሲካ ገላዬን ስታጠብ አንገቴ ሥር አንድ እብጠት እጄ ላይ ገብቶ ነበርና አውቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። የባሌ ታላቅ እህት ዳመነች እኔ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ አንገቷ አብጦ፣ ብዙ ዓመት ከደበቀችው በኋላ ለቀዶ ሕክምና ሄዳ ሬሳዋ ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ "እንቅርት" የሚለው ቃል በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሰው ስተርት ነው የኖርኩት፤ ለራሴ ሲደርስ ግን ነጠላዬን አንድ ዙር ጨመርኩ።

በመጨረሻ ዘመድ ተሰብስቦ ፈረደ። ቆላው ነው ተባለ። የደጋ ልጅ ሙቀት በዛባት፣ ጨንቻ ትውጣና ንፋስ ትቀበል ተባለ። እውነትም ሙቀት ጠልቼ ነበርና ነገሩ ልክ መሰለን። የቤዛ አባት ጨንቻ ወደምትኖረው ታናሽ እህቱ አማረች ቤት አደረሰኝ። ሲለየኝ እጄን ይዞ ቆየ፤ መዳፉ ከእኔ ይበልጥ ርሶ ነበር።

ጨንቻ ጉሙ ሲወርድብኝ ላቤ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ደውዬ ዳንኩ አልኩ። አልዳንኩም ነበር። ልቤ እንደውም ባሰበት። የጎረቤት ሸማኔ ድምፅ በአጥር በኩል ይሰማኛል፤ እኔ እንዝርቴን ይዤ ልከተለው ብሞክር አይሆንም። ይቸኩላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይቸኩላል። የሰው ባል እግር ነውና አናደደኝ።

አማረች ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች ስለ ጎሜ አነሳችብኝ። ጎሜ በእኛ በጋሞ አባቶች ዘንድ የማይደረግ ነገር ያደረገ ሰው ቤት የሚገባ መከራ ነው፤ የሚለቀውም ያጠፋው ሰው ጥፋቱን በአፉ ሲያወጣው ነው። እኛ ወንጌል አማኞች ነን፤ ይህን ትተናል ብለን የምንኖር ሰዎች ነን። አማረች ግን ወንድሟ ባለፈው ወር ዶርዜ ወጥቶ ሽማግሌዎችን ስለ ቤታችን ጎሜ ጠይቆ መመለሱን ነገረችኝ። ጎመኑ እጄ ላይ ቀረ። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ምን አጠፋች ብሎ ነው የሄደው?

በዚያው ሳምንት ፀጉሬን ልታጥበኝ ነጠላዬን ሳበችው። ውኃውን አስቀመጠችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ዳመነች" አለች ቀስ ብላ። በማግስቱ ጠዋት ይዛኝ ወርዳ ሆስፒታል አደረሰችኝ። እስከ ዛሬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላታለሁ።

ሐኪሙ አንገቴን በጣቶቹ ዳሰሰ፣ ውኃ አጠጥቶ ዋጪ አለኝ፣ እጄን አስዘርግቶ ወረቀት አስቀመጠበት። ወረቀቱ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። ደም ተወሰደ፤ ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፤ ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የምታዝዘው እሷ ናት። የእኔዋ አብጣ ከልክ በላይ ታዝዛለች። ልቤ የሚሮጠው፣ ሥጋዬ የሚቀልጠው፣ እጄ የሚንቀጠቀጠው በእሷ ትእዛዝ ነው። እብጠቱ የአየር ቧንቧዬን መጫን ስለ ጀመረ መውጣት አለበት። ነገር ግን ልብ እንዲህ እየሮጠ ቀዶ ሕክምና ቢደረግ ጠረጴዛው ላይ ልሞት እችላለሁ። ስለዚህ ለወራት ክኒን እወስዳለሁ፤ የደሜ ውጤት ሲረጋጋና የልቤ ምት በደቂቃ ከዘጠና ሲወርድ ብቻ እገባለሁ። ዳመነች ይህ ሳይደረግላት ገብታ እንደሆነ ልጠይቅ ፈልጌ መልሱን ፈርቼ ተውኩት።

እዚያ ሲስተር ትዕግሥት የሚባሉ ሸበቶ ነርስ አሉ። የእጄን አንጓ ይዤ በስልክ ሰዓት መቁጠር አስተማሩኝ፤ ጠዋትና ከሰዓት እየቆጠርኩ በደብተር እንድጽፍ፣ አጠገቡም ምን እየሠራሁ እንደነበር እንዳስገባ አዘዙኝ።

ቤት ስገባ የመጀመሪያው ቃሌ "ዘለቀ" የሚል ነበር። ዘለቀ፣ ምን አጠፋች ብለህ ነው ሽማግሌ ዘንድ የሄድከው? አልኩት። መሬት መሬት አየ።  ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠርኩት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከ"ምሳ ቀርቧል" ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

ሲስተር የለመድሽውን ጸጥ ያለ ሥራ ሥሪ ስላሉኝ ከሽመናው አጠገብ መቀመጤን አልተውኩም። ክኒኔን አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ላቤ ቀነሰ፣ ሥጋዬ ተመለሰ፣ እጄ ረጋ። የልቤ ቁጥር ግን ደብተሩ ላይ አልወርድ አለ። መቶ አሥራ ስድስት፣ ከሽመና አጠገብ። መቶ አሥራ ስምንት፣ ከሽመና አጠገብ። መርገጫው እንደ ድሮው ግራ ቀኝ ይላል፣ እኔም እንደ ድሮው እሰማለሁ፤ ግን አብረን አልነበርንም። በጣም የናፈቀኝ ሰው ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጦ ነበር። ሲነጋ ሲነጋ ዳመነችን እያሰብኩ እፈራለሁ፤ እሱም ነቅቶ እንደሆነ በትንፋሹ አውቃለሁ፤ ሁለታችንም የተኛን እንመስላለን።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። የደሜ ውጤት ጥሩ ነው ተባለ። በአገናኝ መንገዱ አግዳሚ ላይ የቤዛ አባት ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ተቀምጧል። ሲስተር ቆጠሩ፤ መቶ ሃያ ሁለት። እሱን ውጪ አድርገው እንደገና ቆጠሩ፤ ጨመረ። መልሰው አስገቡትና "እስቲ አንተም እጅህን አምጣ" ብለው የእሱን ያዙ። የእሱም መቶ አሥራ ዘጠኝ ነበር። "ለማን አልጋ ላዘጋጅ?" አሉ፤ እኛ አልሳቅንም።

ሐኪሙ ቀጠሮውን አራዝሞ የልብ ማረጋጊያውን ክኒን መጠን አስተካከለ። ሲስተር ግን ወደ ጥግ ወሰዱንና የተናገሩትን አልረሳውም። "ልጆቼ፣ የሚቀራረቡ ሰዎች አብረው ሲቀመጡ ትንፋሻቸውም የልባቸው ምትም እየተከታተለ ይወጣል ይወርዳል። በዚህ ሥራ ስኖር እናትና ልጅ ላይ አይቻለሁ፣ ባልና ሚስት ላይም አይቻለሁ። ነገር ግን የሚጋባው ዕረፍት ብቻ አይደለም። አንዱ የፈራውን ሌላው ሳይነገረው ይፈራዋል። መድኃኒቱ የራሱን ሠርቷል፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ነገር እናንተ ሥሩ።" 

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳችን ተቀመጥን። እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ እግሩን ግን አላንቀሳቀሰም። መወርወሪያውን እጁ ላይ እያገላበጠ ቆየ።

"የቤዛ እናት" አለ።

ብዙ ወር ያልሰማሁት ነውና እንዝርቴ ቆመ።

"ዶርዜ የወጣሁት ያንቺን ጥፋት ልጠይቅ አይደለም። የራሴን ይዤ ነው። አንገትሽን ከአንቺ ቀድሜ አይቼዋለሁ። አምና ለመስቀል፣ የወደቀ ልቃቂት ልታነሺ ስትጎነበሺ አየሁት። ዳመነች መጣችብኝ። ከአፌ ካወጣሁት እውነት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ወባ ሲሉሽ ዝም አልኩ፣ ጨጓራ ሲሉሽ ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ 'ጥፋቱ በእሷ ላይ ከሆነ ለእሷ ተናገር፣ እኛ ዘንድ ምን አመጣህ?' ብለው መለሱኝ። ወርጄ ፊትሽን ሳይ አቃተኝ።"

ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ አለቀሰ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ ያየሁት በእህቱ ቀብር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ቋጠሮ ማግ ዝም ብሎ ሲያለሳልስ ለምን ፊቴን እንደማያይ፣ ለምን መወርወሪያው ከእጁ እንደሚወድቅ ያን ጊዜ ገባኝ። መቆጣት ነበረብኝ፤ ጊዜዬን አቃጥሎብኛልና። ግን በየትኛው አፌ ልቆጣ? ከበርጩማዬ ወርጄ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩና እኔም ከፋሲካ ጀምሮ አውቅ እንደነበር፣ እሱን ላለማስደንገጥ እንደደበቅሁት ነገርኩት።

ቀና ብሎ በእንባ ዓይኑ አየኝ። "ታዲያ ነጠላው ለማን ነበር?" አለኝ።

ሳቅን። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በአንዲት እብጠት ሁለት ሰው እየተደባበቀ፣ አንዱ ነጠላ እየጨመረ፣ ሌላው ዓይኑን እየመለሰ አንድ ዓመት አለፈ! ስቀን ስንጨርስ እግሩ ሳይታወቀው መርገጥ ጀመረ፤ እኔም እንዝርቴን አነሳሁ። ከሰዓት ስቆጥር መቶ አራት ነበር። ደብተሩ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጨንቆኝ "ከባሌ ጋር" ብዬ ጻፍኩ።

ምዬ የምናገረው ነገር አይደለም። ክኒኑም ተስተካክሎ ነበርና የትኛው ስንቱን እንዳወረደ አላውቅም። ሲስተርን ብጠይቃቸው ሁለቱንም አታቋርጪ አሉኝ። ስለ ሽማግሌዎቹም አሰብኩ። በጎሜ ዛሬም አላምንም፤ ያጠፋ ሰው ላጠፋበት ሰው በአፉ ይናገር ማለታቸውን ግን የሚነቅፍ ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ተጠራሁ። ጠዋት ቤት ስቆጥር ሰማንያ ስምንት ነበር። ሆስፒታል ስገባ፣ አረንጓዴ ጋውን አልብሰው ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሲያስተኙኝ፣ ዳመነች ከነፊቷ መጣችብኝ፣ ልቤም ዘለለ። "ፈራሁ" አልኩት የቤዛ አባትን። "እኔም ፈርቻለሁ" አለ፤ ዘንድሮ መደበቅ የለም። ከዚያ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በኮንጎ ጫማው ሲሚንቶውን ይረግጥ ጀመር። ግራ። ቀኝ። ግራ። ቀኝ። እጁም በትንሹ መወርወሪያ ይልካል። አጠገባችን ያሉት አስታማሚዎች ሰውየው ምን ሆነ ብለው ተያዩ። እኔ ግን ትንፋሼ ቦታውን አገኘ። ጣቶቼ ብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ክር ያከሩ ነበር።

ሲስተር ትዕግሥት አንጓዬን ያዙ፤ እየቆጠሩ የእሱን እግር ያያሉ። "ሰማንያ ስድስት" አሉ። ከዚያ አላስቻላቸውም፣ የእሱንም ያዙ። "ሰማንያ ዘጠኝ።"

"ምንጊዜም ይቸኩላል" አልኩ። እየሳቅሁ ነው የገባሁት።

ስነቃ ጉሮሮዬ እንደ በርበሬ ይለበልበኝ ነበር። ድምፄም ለሳምንታት ሻክሮ ቆየ፤ የቤዛ አባት በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቋረጥ አወራ። ቤዛ ከሐዋሳ መጥታ የአንገቴን ጠባሳ አይታ አልቅሳ፣ ወዲያው ዳታ ሠርታ አቀረበችልኝ። እንደ ሰርግ ቆጠርኩት። አሁን በየጠዋቱ አንዲት ክኒን እውጣለሁ፤ ዕጢዋ ስለወጣች ሥራዋን የሚሠራልኝ ክኒኑ ነው፣ ዕድሜ ልክም አይቋረጥም። ክሬ እንደ ድሮው ቀጥኗል።

እህቶቼ፣ መስታወት ፊት ቁሙ፣ አገጫችሁን ቀና አድርጉ፣ ውኃ ዋጡ። የሚወጣ የሚወርድ እብጠት ካያችሁ፣ ልባችሁ ቁጭ ብላችሁ ከሮጠ፣ እየበላችሁ ከከሳችሁ፣ ነጠላውን አውልቃችሁ ለሐኪም አሳዩ። አጠገባችሁ ያለው ሰው የማያውቅ እንዳይመስላችሁ።

እኛ ቤት አሁን አዲስ ልማድ አለ። ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመራችን በፊት፣ የቤዛ አባት በር ላይ ብርሃን ወዳለበት ያቆመኝና በሬ እንደሚገዛ ሰው አንገቴን ያገላብጠዋል። ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ ከጆሮዬ ሥር ያያል፣ ከዚያ "ምንም የለም" ይለኛል። እኔ ግን ምላሱን አላምነውም፤ አንድ ዓመት ዋሽቶኛል። መዳፌን ደረቱ ላይ አድርጌ እስኪበቃኝ ድረስ አዳምጣለሁ። ረግቶ ከመታ፣ እንዝርቴን አነሳለሁ።